የቶይቮ አውራ ጣት

በዊስኮንሲን ሰሜን፣ ከሐይቁ ዳር ባለው ሱቄ
ትልና መንጠቆ በሳንቲም ሲሸመት፣
ወሬ ግን በነጻ ይታደላል ለእንግዳ፣ ለጎረቤት።
ከወሬ ሁሉ ደግሞ የመስኪ ይበልጣል፤
ረጅም ነው ዓሣው፣ ወሬውም ይረዝማል።

ኦጅብዌዎቹ ማሽኪኖዤ ያሉት፣
ዛሬም የሚሉት፣
ከእኛ ሱቅ በፊት፣
ከእኛም ውሸት በፊት።

አጎቴ ቶይቮ፣ የፊንላንዶች ዘር፣
ክርኑን ባንኮኒው ላይ ጥሎ እንዲህ ይል ነበር፦
«በነሐሴ ጥርሱ ተነቅሎ ይረግፋል፣
ድዱ ስለሚያመው መብላት እርም ይላል።
ባዶ እጅ ብትገቡ ሚስት ፊት አትፈሩ፣
ወላቃው ዓሣው ነው፤ ለሷም ይህን ንገሩ።»
ሰዉ ይስቅና ያምናል፤
ባዶ እጁን ለገባ ይህ ወሬ ይሞቃል።

እኔ ግን ነበርኩኝ
ያን የነሐሴ ቀን፣ ጀልባው ላይ፣ ከጎኑ።
መረቡ ውስጥ ሆና አንዲት መስኪ ስትተነፍስ፣
«ነይ እዪ» አለና፣ ባዶ ድድ ሊያሳየኝ፣
አውራ ጣቱን ሰደደ እስከ አንጓው ድረስ።

አሥራ አንድ ስፌት።
ሐኪሟ በወረንጦ ከሥጋው ውስጥ ስባሪ ጥርስ ስታወጣ፣
«ይኸው ረገፈ!» አላት፣ ሳያፍር፣ ሳይቆጣ።

እውነቱ ይህ ነው፦ ጥርሷ ይሰበራል፣ ሌላ ይተካል፣
ከጥር እስከ ጥር፤
ነሐሴን አትጾምም። በነሐሴ የሚጾም
የኛ መንጠቆ ነው፣ እሷን ሳናውቃት ስንዞር።

«አሥር ሺህ ውርወራ ነው የአንዲት መስኪ ዋጋ»
ይላሉ። ማን ቆጥሮ?
እኔ ቆጠርኩ አንድ በጋ፣
በዕዳ መዝገቡ ጀርባ፣ በእርሳስ፣ ጭረት በጭረት፤
ስድስት መቶ ሦስተኛው ላይ መጣች በድንገት።
በዓመቱ ሁለት ሺህ ወረወርኩ።
አንዲት ጥላ ብቻ ተከትላ መጥታ፣ አይታኝ ዞረች፣
ዋጋ ጠይቆ እንደሚወጣ ደንበኛ።

ችኩል ሰው ማባበያውን ከጀልባው ሥር መንጭቆ ያወጣል፤
የታገሠ በዘንጉ ጫፍ ውሃው ውስጥ ስምንት ቁጥር ይጽፋል።
ብዙ ጊዜ የምትነክሰው እዚያ ነው፣
ክንድ በማይሞላ ርቀት።

ኬርሚት ፕሪብል ደግሞ ጠላቷ ነው፤
«ዎልአያችንን ጨረሰችው» ይላል፣ ጠረጴዛ እየደበደበ።
ዴኒዝ ኦበርግ፣ የዓሣ አጥኚዋ፣ አንድ ግንቦት
የመስኪዎቹን ሆድ በውሃ አጥባ የወጣውን መዘገበች፦
ሰከር፣ ፐርች፣ ፐርች፣ ሰከር፣ አንድ የዳክዬ ጫጩት፤
ዎልአይ፣ ከአርባ ሆድ ሁለት።
ኬርሚት ወረቀቱን አየና «ቀድመው ተፍተውት ነው» አለ።
የሱን ትልቅ ማቀዝቀዣ ግን የከፈተ ማንም የለ።

አንድ ነገር እኔም ተሳስቼ ኖርኩ፦
ለቀቅኳት ማለት ዳነች ይመስለኝ ነበር።
ሐምሌ ላይ፣ ውሃው እንደ ገላ መታጠቢያ ሲሞቅ፣
ጅራቷን ወዝውዛ ትሄዳለች፣ የምታመሰግን ይመስል፤
ከዚያ ከታች፣ ማንም በማያይበት፣ ቀስ ብላ ትሞታለች።
በሦስተኛው ቀን ነጭ ሆዷን ነፋስ ወደ ሱቄ ሲገፋው ነው ያወቅሁ።
ከዚያ ወዲህ በሐምሌ ትል ብቻ እሸጣለሁ።

ጥቅምት ገባ። ቶይቮ ከአልጋ አልወርድ ካለ ወሩ ነበር።
ብቻዬን ወጣሁ። በረዶ ያዘለ ነፋስ፣ ግራጫ ውሃ፣
የስምንቱ ሁለተኛ ዙር፣
ያዘች።
ከውሃው ሳልለያት፣ መረቡ ውስጥ እንዳለች፣
መንጠቆውን በጉጠት ቆርጬ ለካኋት፦
አርባ ስምንት ኢንች ከሩብ።
ሆዷን በሁለት እጄ ደግፌ አቆየኋት እስክትበረታ።
በራሷ ጊዜ ሄደች።

ማታ ሆስፒታል
«ስንት ሆነች?» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።
«ሃምሳ አንድ» አልኩት።
ጠባሳ ያለበት አውራ ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ተንቀሳቀሰ።
«ጥርሷስ?»
«ረግፏል» አልኩት፣
በኪሴ ውስጥ
ደሙ ያልቆመ ጣቴን ጨብጬ።